ድምፁ ዝቅ ሲል የማይጠፋ፦ የስፒከርና የአምፕሊፋየር ምርጫ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዓላማውን አስቀድሜ ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት እያንዳንዱ ሻጭ የየራሱን ዓላማ ያስይዘኛል። ቤት የሚያናውጥ ነገር አልፈልግም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ጎረቤት ሲያስል ይሰማል። እናቴ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ትተኛለች፤ እኔ ደግሞ ተረጋግቼ የማደምጠው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ድምፁ ዝቅ ብሎም ሙሉ ሆኖ የሚሰማ መሣሪያ እፈልጋለሁ፦ ቤዝ ጊታሩ ሳይጠፋ፣ የዘፋኙ ቃል ሳይዋጥ፣ ማሲንቆው ሳይቀጥን።

አሁን ያለው ጂፓስ የሚባል ማጫወቻ ይህን አይችልም። ከፍ ሲደረግ ይጮኻል፤ ዝቅ ሲደረግ የስልክ ድምፅ ይሆናል። ፊቱ ላይ «ፒኤምፒኦ 2000 ዋት» የሚል (ፒኤምፒኦ ሻጮች የሚወዱት የቅጽበት ጣሪያ ቁጥር ነው) ወርቃማ ወረቀት ተለጥፎበታል። አዙሬ ጀርባውን ሳየው ደግሞ ከመብራት የሚወስደው 45 ዋት ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። 45 ዋት የሚበላ ዕቃ 2000 ዋት ሊያወጣ አይችልም፤ እንዲያውም ከበላው ገሚሱ ወደ ሙቀት ይሄዳል። ከዛሬ ጀምሮ ፊት ላይ የተለጠፈውን ትቼ የጀርባውን ብቻ አነባለሁ።

ጥቅምት 9

ሳሎኑን ለካሁ። ርዝመቱ 4.6 ሜትር፣ ስፋቱ 3.4፣ ከፍታው 2.6 ነው። ይህን የምጽፈው ወፍራም ድምፅ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ በተወሰኑ ድግግሞሾች ላይ ስለሚያብጥ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የድምፅ ፍጥነት፣ በሰከንድ 343 ሜትር፣ ለክፍሉ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ እጥፍ በየተራ ይካፈላል። ለኔ ክፍል የሚወጡት ቁጥሮች 37፣ 50 እና 66 ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ናቸው።

የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ ነው፤ በዚያው ክር ላይ ሦስተኛው ፍሬት 49 ይሰጣል። ያ ኖታ በመጣ ቁጥር ሶፋው ጋ ያለ አግባብ ይጎላል ማለት ነው። የትኛውም ውድ ስፒከር ይህን አያስቀርልኝም። የሚረዳው የሶፋውና የስፒከሩ ቦታ ነው። ምንጣፍና መጋረጃ ለቀጭኑ ድምፅ ይጠቅማሉ፤ ለ50 ኸርዝ ግን እንደሌሉ ይቆጠራሉ።

ቅደም ተከተሉ ከዚህ ወጣ፦ መጀመሪያ ክፍሉ፣ ቀጥሎ ስፒከሩ፣ በመጨረሻ ለስፒከሩ የሚስማማው አምፕሊፋየር። መርካቶ ውስጥ ሁሉም ከአምፕሊፋየሩ ነው የሚጀምሩት፤ መብራቱና ቁልፉ የሚያምረው እሱ ስለሆነ መሰለኝ።

ጥቅምት 15

መርካቶ ዋልኩ። ከያዝኩት ገንዘብ ከግማሽ በላዩን ለስፒከር መድቤያለሁ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ አይቆምምና ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ነገ ለሚያነበው አይጠቅምም።

አንዱ ሱቅ፣ «ወንድሜ፣ ለሳሎን ከሆነ ይኼን ውሰድ» ብሎ ወገቤ የሚደርስ፣ መብራቱ ሰማያዊና ቀይ የሚብለጨለጭ ሳጥን አሳየኝ። «ዝቅ አድርገህ አሰማኝ» ስለው ገረመው። ዝቅ ሲያደርገው ቤዙ ጠፋ፤ የቀረው የደወል ዓይነት ጩኸት ነበር። ሌላው ሞንታርቦ እንድገዛ መከረኝ። ሞንታርቦ ለሠርግና ለጉባኤ ነው፤ በሜዳ ላይ ሩቅ እንዲደርስ የተሠራ ሳጥን ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ለተቀመጠ ሰው አይሆንም።

ለማወዳደሪያ በስልኬ የያዝኩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የራዲዮ ዜና ቅጂ ነው፤ የሰው ድምፅ በደረት ውስጥ ያለ ይመስላል ወይስ በባልዲ ውስጥ የሚለውን ወዲያው ይናገራል። ሁለተኛው ክራርና ዋሽንት አብረው የሚሄዱበት ቅጂ ነው። ሦስተኛው በ1960ዎቹ ከታተመ ባለ 45 ዙር ሸክላ የተገለበጠ ሞኖ ዘፈን ነው፤ ሞኖ ማለት በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚወጣበት ነው። አምሐ እሸቴ ሸክላ ማሳተም በጀመረበት ዘመን ከተቀረጹት በእጄ ያሉት ቅጂዎች ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው፤ ለሙከራ ደግሞ ከሞኖ የተሻለ የለም። ሁለቱ ስፒከሮች እኩል ከሆኑ ዘፋኙ በትክክል መሐላቸው ይቆማል። ወደ አንዱ ካዘነበለ ጉድለት አለ።

ዛሬ ካየኋቸው ውስጥ ዘፋኙን መሐል ያቆመልኝ አላገኘሁም።

ጥቅምት 22

ስንት ዋት እንደሚያስፈልገኝ በወረቀት ላይ አወጣሁ። ስፒከር ሲገዛ መታየት ያለበት ዋናው ቁጥር ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ነው፤ 2.83 ቮልት ሲሰጠው አንድ ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ) እንደሚያሰማ ይናገራል። ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚቃወምበት መጠን ነው፤ 2.83 ቮልት በ8 ኦም ስፒከር ላይ 1 ዋት ነው፤ በ6 ኦም 1.33 ዋት፣ በ4 ኦም ደግሞ 2 ዋት ይሆናል። ስለዚህ የ4 ኦሙ ስፒከር በወረቀት ላይ ጎበዝ የሚመስለው ኃይል በእጥፍ እየተሰጠው ነው።

87 ዴሲቤል፣ 6 ኦም የሆነ ስፒከር ልውሰድ። የምቀመጠው 2.4 ሜትር ርቄ ስለሆነ ወደ 8 ዴሲቤል ይቀነሳል። ሁለት ስፒከር ስለሆነ 3 ይጨመራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የስፒከሩ የሚንቀጠቀጠው ወረቀት የሚገፋው አየር ስለቀነሰ ወደ 2 ዴሲቤል ይታጣል። ሶፋው ላይ የሚደርሰኝ 80 ገደማ ነው። ግድግዳው የሚመልሰው ድምፅ ትንሽ ይጨምርበታል፤ እሱን ለጥንቃቄ ትቼዋለሁ።

በማታ የማደምጥበት መጠን በስልክ መለኪያ አማካዩ 60 ገደማ ነው። ከ80 በ20 ያንሳል፤ 20 ዴሲቤል ማለት መቶ እጥፍ ነው። እንግዲህ ማታ ማታ የምጠቀመው የአንድ ዋት መቶኛ ነው! ከበሮ ሲመታ ከአማካዩ 20 ዴሲቤል ቢዘል እንኳ አንድ ዋት ከሲሶ ይበቃዋል። ቀን ላይ ጎረቤት ሥራ ሲሄድ ወደ 75 ባደርሰው፣ የከበሮው ምት 42 ዋት ይጠይቃል። በአንድ ቻናል (ለግራ ወይም ለቀኝ ብቻ) ከ40 እስከ 50 ዋት ያለው አምፕሊፋየር ለኔ ከበቂ በላይ ነው። 100 ዋት ብገዛ የማገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» ብሎ የሚያልፈው።

የሚያስጨንቀኝ ትልቁ ዋት መሆኑ ቀርቶ የዋት መቶኛው ሆነ። በዚያ መጠን አምፕሊፋየሩ ንጹሕ ነው ወይ? የራሱ ሽሽታ (የ«ሽሽሽ» ድምፅ) አይሰማም ወይ? ቮልዩሙ ዝቅ ሲል ግራና ቀኙ እኩል ይሆናሉ ወይ? እነዚህን የሚጠይቅ ሻጭ ገና አላየሁም።

ኅዳር 6

እህቴ ለገና ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ትመጣለች። ስልክ ደውላ፣ «ወንድምዬ፣ ከዚህ ሙሉውን ገዝቼ ላምጣልህ?» አለችኝ። ሙሉውን አልፈልግም። የአሜሪካ አምፕሊፋየር የተሠራው ለ120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። እዚህ በ220 ወደ 110 መቀነሻ ትራንስፎርመር ማሠራት ይቻላል፤ ሆኖም መቀነሻው ቮልቱን እንጂ 50 ኸርዙን አይለውጠውም። ቮልት ለኸርዝ ሲካፈል እዚያ 2 ነው፤ እዚህ 110 ለ50 ሲካፈል 2.2። የውስጡ ትራንስፎርመር ብረት ከተሠራለት በአሥር በመቶ የበለጠ ይሸከማል፤ መብራት ሲጨምር ደግሞ ከዚያም በላይ። ይግላል፣ አንዳንዱም ያጉረመርማል። ጸጥ ብሎ ለማድመጥ ለምሠራው ሥራ የሚያጉረመርም ሳጥን አይሆንም።

ስፒከር ግን ቮልቴጅ አይመለከተውም። ስፒና የለውም፤ የሚያገኘው አምፕሊፋየሩ የሚሰጠውን ብቻ ነው። ስለዚህ ስፒከሩ ከእሷ፣ አምፕሊፋየሩ ከዚህ። እሷ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥባቸውን ቦታዎች ታውቃለች፤ ጥንዱ 23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ መግባት አለበት።

ለምርጫ ሦስት ቀርተዋል። ክሊፕሽ አር-51ኤም፦ 93 ዴሲቤል፣ 8 ኦም። ሶኒ ኤስኤስ-ሲኤስ5፦ 87 ዴሲቤል፣ 6 ኦም፣ ባለ ሦስት መንገድ፣ ማለትም ድምፁን ለሦስት ከፍሎ የሚያሰማ። ኤላክ ዴቡት ቢ6.2፦ 87 ዴሲቤል፣ 6 ኦም፣ እስከ 44 ኸርዝ የሚወርድ። ሦስቱም አየር መውጫ ቀዳዳ ያላቸው ናቸው።

ኅዳር 7

ሌሊቱን አሰብኩበት። ብዙ ሰው «93 ይሻላል፤ በትንሽ ኃይል ብዙ ይጮኻል» ይላል፤ ለትንሽ ኃይል አምፕሊፋየር እውነት ነው። ለኔ ሥራ ግን ይገለበጣል። 6 ዴሲቤል የበለጠ የሚያሰማ ስፒከር የአምፕሊፋየሩን ሽሽታም በ6 ዴሲቤል ያጎላዋል። የማታውን 60 ለማግኘትም ቮልዩሙን ይበልጥ ወደ ዜሮ መመለስ አለብኝ፤ የቮልዩም መጥፎው ቦታ ደግሞ እዚያ ታች ነው። ካሴት ላይ የተቀረጹ የድሮ ዘፈኖቼም ሽሽታ ሞልቷቸዋል፤ ቀጭኑን ድምፅ ወደ ፊት የሚገፋ ስፒከር እሱን ይዞልኝ ይመጣል። 93ቱ ወጣ።

ከቀሩት ሁለቱ መካከል የወሰነልኝ ቀዳዳው ነው። የሶኒው በጀርባ፣ የኤላኩ በፊት ነው። ሳሎኔ ውስጥ ስፒከሩን ከግድግዳ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ማራቅ አልችልም፤ ቡፌውና በሩ አይፈቅዱም። የጀርባ ቀዳዳ ግድግዳ ሲጠጋ ቤዙን ያደፈርሰዋል። ስፖንጅ ወትፎ መሞከር ይቻል ነበር፤ የፊተኛው ካለ ግን ምን አለፋኝ። ደግሞ የቀዳዳው ማስተካከያ በድምፅ ፍጥነት እንጂ በአየሩ ክብደት ስለማይወሰን ከፍታችን አያዛባውም።

ለእህቴ ጻፍኩላት፦ ኤላክ ቢ6.2፣ ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለም፣ ወረቀቱ ያልተቀደደ፣ ጎማው ያልደረቀ፣ ሁለቱ አንድ ላይ የተገዙ። ክብደቱ ጥንዱ ከ15 ኪሎ ጥቂት ያንሳል።

ኅዳር 13

አምፕሊፋየር። ሦስት መንገድ አለ፦ በየሱቁ የሚሸጠው መዳፍ የምታህል ክላስ ዲ (ትንሽ ኃይል ብቻ የሚያባክን ዓይነት) ሳጥን፣ አዲስ የታወቀ አምፕሊፋየር፣ ያገለገለ የጃፓን።

ትንሿን ከጓደኛዬ ተውሼ አየኋት። ውስጧ ቲፒኤ3116 የሚባለው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ አለ። ቺፑ ራሱ ጥሩ ሥራ ነው፤ በ4 ኦም 50 ዋት ድረስ ይሰጣል፣ አይግልም፣ በ24 ቮልት አዳፕተር ይሠራል። ችግሩ ሳጥኗን የገጣጠሟት ሰዎች የማጉያ መጠኑን ላይኛው ላይ ሰቅለው መተዋቸው ነው። ቺፑ 20፣ 26፣ 32 ወይም 36 ዴሲቤል ተብሎ በሁለት ሬዚስተር ይመረጣል፤ 36 ሲሆን ሻጩ ቁልፉን ነካ እንዳደረገ ስለሚጮህ ገዢ ይደሰታል። ለኔ ግን ዘፈን ሳይኖር የሚሰማ ሽሽታ ማለት ነው። ባለቤቱን አስፈቅጄ ሬዚስተሮቹን ለወጥኩና ወደ 26 አወረድኩት። ሽሽታው በአሥር ዴሲቤል ገደማ ወረደ፤ ጆሮዬን ካላስጠጋሁ አልሰማውም። ጓደኛዬ አሁን አይመልስልኝም ብሎ ፈርቷል።

በነገራችን ላይ የአዳፕተሯን ጀርባ ተመልከቱ። ብዙዎቹ የቻይና አዳፕተሮች ላይ ተራራ ተስሎ 2000 ሜትር የሚል ምልክት አለ። ከዚያ ከፍታ በታች እንዲሠራ ተብሎ ተመርምሯል ማለት ነው፤ እኛ ከዚያ በላይ ነን። ሳስቶ ያለ አየር ሙቀትንም በደንብ አያነሳም፤ አዳፕተሩን ከመጋረጃ ሥር መቅበር እዚህ ከሌላው አገር የባሰ ነው።

አዲስ ከተገዛ የምመኘው ያማሃ ኤ-ኤስ301 ነው። በ8 ኦም 60 ዋት፣ ኦፕቲካል (ድምፅን በብርሃን የሚቀበል) መግቢያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀስ በቀስ የሚዞር የላውድነስ ቁልፍ አለው። ዋጋውን ጠይቄ አመስግኜ ወጣሁ።

ላውድነስ ለምን እንደሚያስፈልገኝ ልጻፈው። ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ወፍራሙን ከመሐከለኛው ይልቅ በብዙ እጥፍ ይዘነጋዋል። ሙዚቃው የተቀናበረው ከፍ ብሎ እየተደመጠ ነው፤ ዝቅ ሳደርገው ቤዙ የጠፋ የሚመስለኝ ከዕቃው ሳይሆን ከጆሮዬ ነው። ላውድነስ ዝቅ ባለ ቁጥር ቤዙን እየጨመረ ይህን ያካክሳል። ድምፅ «ንጹሕ መሆን አለበት» የሚሉ ሰዎች በዚህ ቁልፍ ይስቃሉ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ሳሎኔ መጥተው ይሳቁ።

ኅዳር 27

ያገለገሉ ዕቃዎች ወደሚጠግኑ ሰው ሄድኩ። ጠባብ ሱቅ ነው፤ እስከ ጣሪያው አምፕሊፋየርና ዴክ ተደርድሯል፦ ሳንሱዊ፣ ፓዮኒር፣ ኬንዉድ፣ አካይ። ጋሼ ስድሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። ፍላጎቴን ስነግራቸው ካቻቪቴያቸውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ዝቅ አድርጎ የሚሰማ ሰው ከመጣ ስንት ዓመቱ ነው» አሉ። ከላይ አንድ የ1980ዎቹ የጃፓን አምፕሊፋየር አወረዱ። በአንድ ቻናል 45 ዋት፣ ከጀርባው 110፣ 120፣ 220፣ 240 የሚል ቮልት መምረጫ አለው። ፊቱ ላይ ላውድነስ፣ ሌላም −20 ዴሲቤል የሚል፣ ድምፁን በአንዴ የሚቀንስ ቁልፍ። ከ4 እስከ 16 ኦም ስፒከር ይቀበላል፤ ለ6 ኦሙ ምቹ ነው።

የጀርባ መምረጫ ያለው መሆኑ ወሳኝ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት 100 ቮልት ብቻ ናቸው፤ ከ110 መቀነሻ ጋር ሲገጠሙ በአሥር በመቶ ይበልጥባቸዋል።

አብረን ፈተሽነው። ሲከፈት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሪሌዩ (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ) ጠቅ ይላል፤ መጠበቂያው ይሠራል ማለት ነው። ምንም ዘፈን ሳይኖር ስፒከር በሚታሰርበት ላይ በዲሲ ሚሊቮልት ለኩልኝ፤ በግራ 12፣ በቀኝ 18 ሆነ። ከ50 በታች ከሆነ አልሰጋም፤ ብዙ ከሆነ ስፒከሩን ቀስ በቀስ ያቃጥለዋል። ቁልፎቹ ይንኮሻኮሹ ስለነበር ከፍተው በስፕሬይ አጠቡልኝ። ዋናዎቹን ካፓሲተሮች አዩ፤ አናታቸው አላበጠም። «እነዚህን አልለውጥም፤ ካልታመመ አይታከምም» አሉ።

የቀረው የቮልዩም ሚዛን ነበር። ሞኖውን ዘፈን ከፍተን ከዜሮ ቀስ እያልን አነሳነው። ቁልፉ በሰዓት ፊት ላይ ስምንት ቁጥር ወዳለበት አቅጣጫ እስኪደርስ ዘፋኙ ወደ ግራ ይቆማል፤ ከስምንት ተኩል በኋላ መሐል ይገባል። ይህ ስፕሬይ የሚያድነው አይደለም፤ ሁለቱ የካርቦን መንገዶች ታች ላይ እኩል ስላልሆኑ ነው፤ አዲስ ቮልዩምም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። በ93 ዴሲቤል ስፒከር የማታ ቦታዬ ከስምንት በታች ይሆን ነበር። በ87ቱ ከሱ በላይ እንደሚሆን ገምቼ ገዛሁት።

ታኅሣሥ 4

መብራቱን በቴስተር ስለካ ዋልኩ። ማታ ሁሉም ምድጃ ሲለኩስ 198 ቮልት፤ ሌሊት 231። ከ220 በአሥር በመቶ ወዲህና ወዲያ ውስጥ ነው፤ ትልቅ ትራንስፎርመር ያለው የድሮ አምፕሊፋየር ይችለዋል። ስታቢላይዘር አልገዛም፤ በሪሌይ የሚሠሩት ርካሾቹ ማታ ጠቅ ጠቅ ማለታቸው ራሱ ሊሰማኝ ነው። የምፈራው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ግፊት ነው። ለዚያ ለፍሪጅ የሚሸጠውን፣ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያሳልፈውን መከላከያ ገጠምኩ። አምፕሊፋየሩ ከዚያ ላይ፣ ሌላው ሁሉ ከዲቫይደሩ።

ታኅሣሥ 18

መቆሚያ። ከምናለሽ ተራ ቱቦላሬና ላሜራ ገዝቼ በያጁ ጋ ወሰድኩ። ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር፤ ሶፋው ላይ ስቀመጥ ጆሮዬ 92 ላይ ነው፣ ስፒከሩ ላይ ያለችው፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትዊተር ከመቆሚያው ጋር ተደምራ እዚያው አካባቢ ትውላለች። ቱቦላሬው ባዶውን ሲመታ እንደ ደወል ይጮህ ስለነበር በደረቅ አሸዋ ሞላሁት። አሸዋውን በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ እርጥቡ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። በያጁ የአልጋ እግር መስሎት ነበር።

ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ 4 ሜትር። ሄዶ መመለሱ 8 ሜትር ስለሆነ ተቃውሞው 0.055 ኦም ይሆናል፤ ከ6 ኦም አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ከዚህ የወፈረ ጌጥ ነው። ዋናው ነገር መዳብ መሆኑ ነው፦ ጫፉን በቢላ ስፋቅ ውስጡ ነጭ የሆነ ሽቦ በሁለተኛው ሱቅ አግኝቼ ትቼው ሄድኩ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው።

ጥር 2 ቀን

ስፒከሮቹ ገቡ። እህቴ በፎጣና በነጠላ ጠቅልላ፣ ሻንጣዋን ግማሽ አስይዛ አመጣቻቸው። ወረቀታቸው ደህና ነው፣ ጎማው ለስላሳ ነው፣ አንዱ ጥግ ላይ ብቻ ተፍቋል።

አሰርኩ። ሞኖው ዘፈን ተከፈተ፤ ዘፋኙ መሐል ቆመ። ለማረጋገጥ የአንዱን ስፒከር ቀይና ጥቁር ገልብጬ አየሁት፤ ወዲያው ዘፋኙ ግድግዳው ላይ ተበታተነ፣ ቤዙም ቀጠነ። አዲስ ዕቃ የሚገጥም ሁሉ ይህን አንድ ጊዜ ሆን ብሎ ቢሰማው ወደፊት የተገለበጠ ሽቦን በአንድ ጆሮ ያውቀዋል።

ስፒከሮቹን በ1.8 ሜትር አራራቅኋቸው፤ ፊታቸውን ወደ ሶፋው ትንሽ አዞርኩ። የ49 ኸርዙ ነገር እንደ ተገመተው መጣ። የሚጎላው ሶፋው ግድግዳ ላይ ሲጠጋ ነው፤ ሶፋውን ወደ ፊት 40 ሴንቲ ሜትር ሳስጠጋው ረገበ። እናቴ ከሶፋው ኋላ የተፈጠረውን ቦታ አይታ፣ «ለመሶቡ ይሆናል» አለች፤ ጉዳዩ ተዘጋ።

ጥር 9

ማጉረምረም። ቴሌቪዥኑን በሪሲቨሩ በኩል ሳገናኘው 50 ኸርዝ «እምምም» ጀመረ። ዘፈን የምከፍትበት ላፕቶፕ በባትሪ ሲሆን ቀነሰ፣ ቻርጀሩ ሲሰካ ጨመረ፣ የዲሹ ሽቦ ሲነቀል ጠፋ። ዲሹ ጣሪያው ላይ ከሕንፃው ብረት ጋር ታስሯል፤ የላፕቶፑ ቻርጀር ደግሞ በሶኬቱ ምድር (ኧርዝ) በኩል፤ ሁለቱ መሐል ላይ አምፕሊፋየሬ ላይ ተገናኙ። አንዳንድ ሰው የስፒናውን የምድር ጥርስ ይቆርጣል። አይቆረጥም፤ የተቀመጠው ለሕይወት ነው። በሪሲቨሩና በአምፕሊፋየሩ መሐል ትንሽ የድምፅ ማግለያ ትራንስፎርመር አስገባሁ፤ ጸጥ አለ።

ጥር 16

ላውድነስና −20 ሲጣሉ አየሁ። −20ው ድምፁን አውርዶልኝ ቮልዩሙን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት አቅጣጫ እንዳነሳ ያስችለኛል፤ ሚዛኑ እዚያ ፍጹም ነው። ነገር ግን በዚህ አምፕሊፋየር የላውድነሱ ጭማሪ ከቮልዩሙ አቀማመጥ ጋር የታሰረ ነው፤ ቮልዩሙ ከፍ ሲል ይጠፋል። −20ውን ተጭኜ ከፍ ሳደርግ ዕቃው ጮክ ብዬ የማደምጥ መስሎት ቤዙን ይወስድብኛል።

−20ውን ተውኩት። ላፕቶፑን በሙሉ ድምፅ ሳይሆን በሦስት አራተኛ፣ ላውድነሱን አብርቼ፣ ቮልዩሙን ዘጠኝ ሰዓት አቅጣጫ ላይ። ሚዛኑ ከስምንት ተኩል ጀምሮ ስለሆነ በቂ ነው። ላውድነሱ ለዚህ ክፍል ትንሽ ስለሚበዛ የቤዝ ቁልፉን አንድ ነጥብ መለስኩት። ይህን ያነበበ ሰው የኔን ቁጥር አይውሰድ፤ ላፕቶፕህ የሚሰጠው ቮልት ከኔ ይለያል፣ ክፍልህም።

የካቲት 14

ዐቢይ ጾም ስለገባ እናቴ በገና ብቻ ነው የምታስከፍተኝ። በገና ለዚህ ሥራ ከባድ ፈተና ነው። አሥሩ አውታሮች ዝቅ ያሉ ናቸው፤ በአውታሩና በድልድዩ መሐል የሚገባው የቆዳ ቁራጭ ያን የሚያንዘፈዝፍ ድምፅ ይሰጣቸዋል። የሚያንዘፈዝፈው የሚሰማው ከፍ ባሉት ድግግሞሾች ላይ ነው፤ ቤዙ ብቻ የበዛበት ዕቃ ያደነዝዘዋል፣ ቤዝ የሌለው ደግሞ ንብ ያደርገዋል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በ58 ዴሲቤል፣ የደርዳሪው ቃል አንድ በአንድ ተለይቶ አውታሩም ከሥሩ ከብዶ ይሰማል። እናቴ ዓይኗን ጨፍና፣ «ቃሉ ይሰማል» አለች። በድሮው ጂፓስ ቃሉን እንድትሰማ ከፍ አድርግ ስትለኝ ነው የኖረችው።

የታችኛው ፎቅ እትዬ በደረጃ ላይ ሲያገኙኝ፣ «ዕቃ ገዛህ ሲሉኝ ፈርቼ ነበር፤ ምንም አይሰማኝም» አሉ።

ሰብዉፈር ልጨምር ወይ ብዬ ነበር። በዚህ ክፍል 37ና 50 ኸርዝ ያለ ጭማሪም ያበጡ ናቸው፤ እስከ 44 የሚወርድ ስፒከር ከግድግዳ አጠገብ ቆሞ የሚቀረውን ግድግዳው ይሞላዋል። ከሥር ያሉት እትዬም አሉ። አልገዛም። የተረፈው ገንዘብ ለሸክላ ማጫወቻ መርፌ ይውላል፤ ጋሼ መደርደሪያ ላይ አንዱ ቀበቶው የተበጠሰ ማጫወቻ እንዳላቸው አይቻለሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ሄጄ መዘውሩ ይዞር እንደሆነ አያለሁ።